ድንጋዩና ጸጉራሙ ኳስ

ኳሶቹ ስልሳ አንድ ነበሩ። ራኬቶቹ አራት፤ ከአራቱ የአንዱ ክር ሁለት ቦታ ተበጥሷል። የተቀመጡት በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት፣ እግራቸው ከተሰበረ ዴስኮች ጀርባ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ነበር። ያመጣቸው አዲስ አበባ አንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ ከማቀበል ተነስቶ አሰልጣኝ የሆነ የአገራችን ልጅ ነው አሉ። እኔ አላገኘሁትም። ከረጢቱን ለርዕሰ መምህሩ አስረክቦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። የስፖርት መምህሩ ከፍቶ አየና "ሜዳ የለን፣ መረብ የለን" ብሎ መልሶ አሰረው።

እኔ ያን ጊዜ የስምንተኛ "ሀ" የሒሳብና የሳይንስ መምህር ነበርኩ። በኮንትራት ነው። የመምህርነት ወረቀት የለኝም። የበፊቱ መምህር ለቅቆ ሄዶ ሌላ ሲጠፋ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝና "አንተ መጽሐፍ ታነባለህ ይባላል፤ እስኪ ሞክረው" አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ወድቄአለሁ። ውጤቱን በስልኬ ያየሁት መሐል ሜዳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ነው። ቁጥሩን አየሁት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። አንድ ኪሎ ጨውና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም። ሰው ሲቀልድ ቀልዱ ይገባኛል፤ ለቅሶ ቤትም ስሄድ የሚባለውን እላለሁ። ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ እጅ ነው። የራስ እጅ መሆኑ ይታወቃል፤ ሲነኩት ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

የማይደነዝዘው መለካት ብቻ ነበር። ስለዚህ እለካለሁ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ ጭቃ ሲሆን ይጨምራል።

ከረጢቱን ካገኘሁ በኋላ መሐል ሜዳ በወጣሁ ቁጥር የቴኒስ ቪዲዮ እያወረድኩ አያለሁ። እስከ ዛሬ አንድም ግጥሚያ በዓይኔ አላየሁም። የገረመኝ ጨዋታው ሳይሆን የሜዳው ልክ ነው። ሁለት ሰው የሚጫወትበት ሜዳ ርዝመቱ ሃያ ሦስት ሜትር ከሰባ ሰባት ሳንቲም፣ ወርዱ ስምንት ሜትር ከሃያ ሦስት ነው። መስመር ሁሉ መስመር ላይ በልኩ ያርፋል። ተማሪዎቼ ደግሞ "መቶኛ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ በአንድ ድምፅ ትርጉሙን የሚወርዱልኝ፣ "የአርባ በግ ሩቡ ስንት ነው?" ስላቸው እርስ በርስ የሚተያዩ ልጆች ነበሩ። ሜዳውን ራሳቸው ቢሠሩት ብዬ አሰብኩ። ሃምሳ ሜትር ገመድ ገዛሁ፤ አሥራ ሁለት ችካል ጠረብኩ።

ከልጆቹ አንዷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ግራኝ ልጅ ነበረች። ቁጥር የምትመዘግበው እሷ ናት። መዝጋቢ ያደረግኋት ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ ሒሳብ ትፈራ ነበር። ጽሑፏ ስለሚነበብ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ስታስረክበኝ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"የምንለካው።"

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ካለፍኩ መሐል ሜዳ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ዘጠነኛ እማራለሁ። ክፍሏን ለቅቃልኛለች። ካላለፍኩ ቤት ነኝ። አባዬ መድገም የሚባል ነገር የለም ብሎኛል።"

ይህን የነገረችኝ ገበያ ምን እንደ ገዛች እንደምትነግረኝ ሁሉ ነው። "ይመጣል" አልኳት።

ሜዳውን የጀመርነው በኅዳር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መስክ ላይ ነው። ሌላ ደልዳላ ቦታ የለም። መስኩ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ የሣር መሬት ነው፤ የአገሩ ሰው ሣሩን የሚጠብቅ ዳኛ መርጦለታል። እኛ ከብት አይደለንም ብዬ ነው የገባሁት። ገመዱን በእኩል ርቀት ቋጥረን፣ ሦስት፣ አራትና አምስት ቋጠሮ በሦስት ማዕዘን ወጥረን ጥጉን ቀጥ አደረግነው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለካን። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን ነበረባቸው፤ በዘጠኝ ሳንቲም ተለያዩ።

"ዘጠኝ ሳንቲም ምን ይጎዳል ቲቸር?" አለ አንዱ።

"ንቀሉት" አልኩ።

እንደገና ስንወጥር ነው አራት ሽማግሌዎች በመስኩ ወዲያ ጫፍ ብቅ ያሉት። ፊት ፊት የመጡት ረጅሙ፣ ጋቢያቸውን በደረታቸው ያጣፉት፣ የሣሩ ዳኛ ነበሩ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አሉ።

"ሜዳ እየሠራን ነው፣ አባቴ።"

"ሜዳማ ድሮም ሜዳ ነው። እግዜር ሠርቶታል።"

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ማን አዞህ ነው?"

"ማንም አላዘዘኝም።"

"ማንም ያላዘዘው ሰው በሜትር አይለካም" አሉ። "ለመሆኑ ልኩ ስንት ነው?"

እዚህ ላይ በደፈናው መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን "ርዝመቱ ሃያ ሦስት ሜትር ከሰባ ሰባት ሳንቲም፣ ወርዱ ስምንት ሜትር ከሃያ ሦስት" አልኩ።

"ሰባ ሰባት ሳንቲም!" አሉ ከኋላ የነበሩት አጭሩ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። "ሰማችሁ? ሳንቲሟን እንኳ አልማራትም። ለጨዋታ ብሎ ሳንቲም የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"ቀላድ ነው" አሉ ሌላው ዝግ ብለው። "ልጆቻችንን አስይዘው ቀላድ እየጣሉብን ነው።"

ቀላድ ድሮ መንግሥት መሬት የለካበት ገመድ ነው። በሸዋ ብዙ ቦታ ተጥሎ ባለመሬቱን ጢሰኛ አድርጎ እንደቀረ ይወራል። የእኛ አገር ሽማግሌዎች "በእኛ ላይ ቀላድ አልተጣለም" ሲሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ገመዱን ስገዛ ግን ያሰብኩት ስለ ቋጠሮው ብቻ ነበር።

የዚያን ጊዜ ግራኟ ልጅ ገመዱን እንደያዘች "አባዬ፣ እውነት ጨዋታ ነው። ኳሷን በዚህ በኩል መትቶ እዚያ ማሳረፍ ነው" አለች። የሣሩ ዳኛ አባቷ መሆናቸውን ያወቅሁት በዚህ ነው።

"አንቺም ገመድ ይዘሻል?"

"ጫፉን ነው የያዝኩት።"

"ጫፉን የያዘ ነው የሚያስለካው" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ በሰው መሬት አይገቡም። ይህን ጠቅልልና ግባ።"

ጠቀለልነው። ችካሎቹን ጠዋት እንነቅላለን ብለን ትተናቸው ገባን። ጠዋት ስመጣ ተነቅለው፣ ጭቃቸው ተጠርጎ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለቱም ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮአቸው ጠርተው፣ "ወንድሜ፣ ልታስተምር እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ዛሬ ሦስት ሰው መጥቶ መሬቱን ለማን ሸጣችሁት ብሎኛል። ገመድ ሣሩ ላይ እንዳላይ። ኳሱን ከፈለግህ ግድግዳ ላይ አንጥር" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። የተናደድኩ መስሏቸው ሻይ አዘዙልኝ። አልተናደድኩም።

ከዚያ ወዲያ ቴኒሳችን ያለ ሜዳ ሆነ። የክፍሉን የውጭ ግድግዳ በከሰል በየአምስት ሳንቲሙ አሰመርነው፤ ኳሱን ከሁለት ሜትር ላይ እየለቀቅን የት ድረስ እንደሚነጥር አየን። ደህናው ኳስ አንድ ሜትር ከስምንት ሳንቲም ይመለሳል። ጸጉሩ አልቆ የተመለጠው ዘጠና ሁለት ሳንቲም። ግራኟ እየጻፈች ሳለ ቀና ብላ፣ "ከመቶ ሃምሳ አራቱን መለሰ ማለት ነው" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ትንሽ ቆይታ "አርባ ስድስቱስ የት ሄደ?" አለች። ሙቀትና ድምፅ ሆነ አልኳት። ኳሱን አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። "አይሞቅም" አለች። ሃምሳ ጊዜ አከታትለን አነጠርነውና እንደገና አስጠጋችው። "ትንሽ" አለች። ጻፈችው።

ራኬቱንም በየተራ እንይዝ ነበር። ግድግዳው ላይ የመታነው ኳስ በምን ማዕዘን ሄዶ በምን ማዕዘን እንደሚመለስ መሬቱ ላይ በጠመኔ እናሰምራለን። ግራኟ ስትመታ ኳሱ ካሰበችው ብዙ አይርቅም፤ ከመምታቷ በፊት ቆማ ታሰላዋለች። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ላይ በሒሳብ ከክፍሉ ዘጠነኛ ወጣች። በፊት ሠላሳ አራተኛ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን አይተው "ኧረ ይሄ ኳስህ!" አሉኝ። ጥሩ ነገር እንደሆነ አውቅ ነበር። ያወቅሁት በቁጥሩ ነው።

ሚያዝያ ላይ ስለሚወድቁ ነገሮች ከሚለው ምዕራፍ ደረስን። መጽሐፉ ሁሉም ነገር እኩል ይወድቃል ይላል፤ ከባድም ቀላልም። ይህን አንብበውልኝ እንዲሸመድዱት አልፈለግሁም። ከትምህርት ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ገደል አለ። በገመዱ ለካሁት፤ ሠላሳ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም ነው። ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት እያደረግሁ፣ ጠርዙ ላይ በሆዳቸው እያስተኛሁ፣ ሁለቱን ከታች በሩቅ አቁሜ ሦስት ነገር አስጣልኳቸው። ኳሱን የሚያህል ድብልብል ድንጋይ፣ ጸጉራም ኳስ፣ መላጣ ኳስ። ሦስቱንም አስቀድመን በሱቅ ሚዛን መዝነናቸዋል። ጸጉራሙ ከመላጣው በትንሽ ይከብዳል፤ ድንጋዩ ሁለቱን አንድ ላይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ድንጋዩ ቀደመ። ሃያ ጊዜ ጣልነው፤ ሃያውንም ቀደመ። ጧ ይላል፤ ቀጥሎ ኳሱ ጧ ይላል። በዓይንም በጆሮም ይለያል። መላጣው ኳስ ከድንጋዩ ኋላ፣ ከጸጉራሙ ፊት በመሀል ገባ።

"መጽሐፉ ግን እኩል ነው የሚለው" አለ አንዱ ልጅ።

"ምን አያችሁ?"

"ድንጋዩ ሲቀድም።"

"ያያችሁትን ጻፉ" አልኩ። "ያላያችሁትን አትጻፉ።"

ይህን ዓመቱን ሙሉ ስላቸው የኖርኩት ነው። ግራኟ ጻፈች፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሰመረችበት።

ቀሪው ትምህርት አየር ነበር። አየሩ ባይዘው ኖሮ ሦስቱም እኩል ይደርሳሉ፤ መጽሐፉ የሚናገረው ስለዚያ ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልነግራቸው እችል ነበር። እዚያው ገደሉ ጠርዝ ላይ፣ ልብሳቸውን ሲያራግፉ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ላሳያቸው የማልችለውን ነገር መንገር አልወደድኩም። አንድ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ነበረኝ። የብስክሌት ጎማ መንፊያ ፈትቼ በውስጡ ያለውን ቆዳ ገለበጥኩት፤ እንዲህ ሲሆን አየር ከመንፋት ይልቅ ይስባል። ማሰሮው ውስጥ ላባና ጠጠር አስገብቼ፣ አየሩን ስቤ፣ ገልብጬ እኩል ሲወድቁ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ክዳኑ ያስተነፍሳል። በሰም አሸግሁት፤ ሰሙ ተሰነጠቀ። ሰሙን ከጥቂት ዘይት ጋር አቅልጬ እንደገና አሸግሁት። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እዚያ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ልጆቹ "ቲቸር፣ ማሰሮው ደረሰ?" ይሉኛል፤ "ነገ" እላለሁ። የክለሳ ጊዜ መጣ፣ ከዚያ ሰኔ መጣ፣ ፈተናው መጣ።

ፈተናው ባለቀ ዕለት ከግቢው እየሮጡ ወጡ። ግራኟ ከፊት ነበረች።

"ቲቸር! መጣልን! የገደሉ ጥያቄ መጣልን!"

"ምን ይላል?"

"ከአንድ ከፍታ ላይ ከባድና ቀላል ኳስ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ ይደርሳል ነው የሚለው!" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር።

"አየር የሚል ነገር አለው?"

"አየር?" ተያዩ። "እኔ እንጃ፤ የለውም መሰለኝ" አለ አንዱ።

"ምን መለሳችሁ?"

"ከባዱ!" አሉ በአንድ ድምፅ።

ወረቀቱን አላየሁትም፤ ምናልባት ነበረው፣ ምናልባት አልነበረውም። "ደግ። ግቡና እረፉ" አልኳቸው። ወደ ቤት ስሄድ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ክረምቱን በሙሉ ለማንም ምንም አላልኩም። ዝናብ ነበር፣ ጉም ነበር። አንድ ጥያቄ ነው፣ አንድ ጥያቄ ማንንም አይጥልም እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ሌላ ጊዜ ግን ምንም አላስብም።

ውጤቱ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን በር ላይ ከለጠፉት በኋላ በእጃቸው የያዙትን፣ የእያንዳንዱ ልጅ ነጥብ ያለበትን ሌላ ወረቀት አሳዩኝ። ከእኔ ክፍል አብዛኞቹ አልፈዋል። ግራኟ አላለፈችም። ስንት እንደጎደላት አሰላሁ። አንድ ጥያቄ ነው። ደግሜ አሰላሁት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ደጃፉ ሥር ተቀምጠው የጓሳ ሣር ገመድ ይገምዳሉ። ብርጭቆ ጠላ አስቀረቡልኝና መግመዳቸውን ቀጠሉ።

"ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"መቼም ስለ እኔ አትመጣም።"

"የወደቀችው በአንድ ጥያቄ ነው። ያን ጥያቄ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ በእኔ ጥፋት ትምህርቷ እንዳይቀር፣ አንድ ዓመት እንዲያስደግሟት ልለምንዎ ነው።"

እጃቸው ቆመ። "እንዴት አሳሳትካት?"

ስለ ገደሉ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ኳሱ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ድንጋዩ ቀድሞ አልወረደም እንዴ?" አሉ።

"ወርዷል።"

"ስንት ጊዜ ጣላችሁት?"

"ሃያ ጊዜ።"

"ሃያውንም ቀደመ?"

"ሃያውንም።"

"እሷም ይህንኑ ነው የጻፈችው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?"

"መጽሐፉ የሚናገረው አየር ስለሌለበት ቦታ ነው፣ አባቴ።"

"የት ነው እሱ?"

"እዚህ አይገኝም። ይታሰባል።"

"ይታሰባል!" አሉ። ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ ልጄን የላክኋት እዚህ ያለውን እንድታውቅ መስሎኝ። በዓይኗ ያየችውን ጽፋ የምትወድቅ ከሆነ ሌላ ዓመት ምን ልትጨምር ነው የምትመለሰው? ሐሰት?"

እውነቱን ብናገር ይለዝባሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። የተናገርኩት እውነት ግን ቀሪውን በር ራሱ ገፍቶ እየዘጋው እንደሆነ አየሁ። ያየሁት ከሩቅ እንደሚታይ ነገር ነው። ብርጭቆውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ኖራለች። በሩ ላይ መጥታ ቆመች። የበግ ሱፍ ስታባዝት ነበር፤ ነጠላዋ ላይ ብናኝ ተጣብቋል።

"አባዬ፣ ልናገር?"

"ተናገሪ።"

"መላጣው ኳስ ከጸጉራሙ ይቀልላል። ሱቅ ወስደን መዝነነዋል። ግን ጸጉራሙን ቀድሞ ወረደ። ከባድ ሁልጊዜ የሚቀድም ቢሆን ጸጉራሙ ነበር መቅደም ያለበት።"

"እሺ።"

"ስለዚህ ያዘገየው ክብደት አይደለም፤ ጸጉሩ ነው። ጸጉሩን አየር ይይዘዋል። ሱፍ ሳባዝት ብናኙ አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል። ያው ብናኝ በውኃ ረጥቦ ሲጠቀለል ጠብ ይላል። ያው ሱፍ ነው። አየሩ ባይኖር የሚይዘው የለም። ድንጋዩም የሚቀድምበት ምክንያት የለውም። እኩል ይደርሳሉ።"

"አይተሻል እኩል ሲደርሱ?"

"አላየሁም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ካየሁት ተነስቼ።"

ይህን አላስተማርኳትም። እኔ ሦስት ሳምንት ሰም ሳቀልጥ የከረምኩበትን ነገር እሷ ከሱፍ ብናኝ አግኝታዋለች። እንዲህ ያለ ቀን አስተማሪ የሚባል ሰው ምን እንደሚሰማው አንብቤአለሁ። በአባቷ ጉልበት ላይ ያለውን ገመድ አየሁ። በሦስት ፈትል ነበር የተገመደው፤ አንደኛው ፈትል ከሁለቱ ይቀጥናል።

"መቼ አሰብሽው?" አልኳት።

"ከፈተናው በኋላ ነው ቲቸር።"

"ፈተናው ላይ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ ምን ነበረበት?" አሉ አባቷ።

"መጻፊያ የለውም። ክቧን ማጥቆር ብቻ ነው።"

አባቷ ገመዱን አንስተው ሁለት ክንድ ያህል ገመዱ። ልጅቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እጇ ላይ የቀረውን ሱፍ በጣቷ ታፍተለትላለች።

"ትመለስ" አሉ በመጨረሻ። "አክስቷ ክፍሉን ዓመት ታቆይላት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካላቆየችም የራሷ ጉዳይ፤ ሌላ ይፈለጋል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ።"

"አላለቀም። አንተ ጋ አይደለም የምትመለሰው። ሌላ ክፍል አለ አይደል?"

"አለ። 'ለ' አለ።"

"እዚያ ትግባ።" አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። "አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ያየኸውን ሁሉ ትናገራለህ፤ ያላየኸውን አትናገርም። ለምስክርነት ከአንተ የሚሻል የለም። ልጄ ግን ማለፍ አለባት።"

ልጅቱ "አባዬ" ብላ ጀመረች። እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ተወችው።

"እሺ" አልኩ። ተነሳሁ፤ ጠላውን እንዳልጨረስኩ አይተው "ጨርሰው እንጂ" አሉኝ፤ ቆሜ ጨረስኩት። ልጅቱ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ "ደብተሩን ላምጣልዎ?" አለችኝ፤ ቁጥሮቻችን የተጻፉበትን ማለቷ ነው። "አንቺው ጋ ይሁን" አልኳት።

በመስከረም "ለ" ገባች። የሚያስተምሯቸው እትዬ የምንላቸው የቆዩ መምህርት ናቸው፤ ብዙ ልጅ ያሳልፋሉ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው የጭቃ ግድግዳ ነው። እዚህ ያለው እዚያ ይሰማል። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ "ደህና አደሩ ቲቸር" ትለኛለች፤ "ደህና አደርሽ" እላታለሁ። ልጆቼ ኳስ ሲያነጥሩ በመስኮት ታይ እንደሆነ አላውቅም፤ መስኮታቸው በወዲያ በኩል ነው።

ዘንድሮ እትዬ ወደ ወዳቂ ነገሮች ከእኔ ቀድመው ደረሱ። እኔ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ ነበር። በግድግዳው ወዲያ "ከባድና ቀላል ነገር ከአንድ ከፍታ ቢለቀቅ?" ሲሉ ሰማሁ።

"እኩል ይደርሳል!" አለ ክፍሉ።

"አልሰማሁም!"

"እኩል ይደርሳል!"

ድምፅዋን ለመለየት ጆሮዬን ጣልኩ። አርባ ሰባት ልጅ ናቸው፤ አይለይም። እትዬ ሦስተኛ አስደገሟቸው። እኔ ጠመኔውን አንስቼ ያቋረጥኩትን ክፍልፋይ ጨረስኩና ደብተራቸውን እንዲያወጡ ነገርኳቸው።